ከብሩ ይልቅ ቃላዱ፦ ግብር መቼ ነው ዐመፅ የሚወልደው?

የሚያዝያ ወር በመጣ ቁጥር ሲያትል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወሬያችን አንድ ነው፤ ግብር። ታክሲ የሚነዳው የነዳጅና የጥገና ደረሰኙን በላስቲክ አጭቆ ሒሳብ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ሱቅ ያላት ከዓምናው የዘንድሮው በዛብኝ ትላለች፤ ደመወዝተኛው ተመላሹ ስንት እንደሚሆን ያሰላል። ሁሉም ያማርራል እንጂ ለጠመንጃ የሚነሣ የለም።

ሬይኒየር ጎዳና ላይ ባለ አንድ ቡና ቤት ይኸው ወሬ ተነሥቶ ሳለ፣ አብረውን የነበሩ አንድ የጎጃም አዛውንት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና በ1960 ዓ.ም. ልጅ ሳሉ ያዩትን አጫወቱን። የግብር ገማቾች ወደ አገራቸው መጡ ሲባል ሰዉ እርስ በርሱ «ስንት ክፈል አሉህ?» ብሎ አልተጠያየቀም አሉን፤ የተጠያየቀው «መሬቱን ሊለኩት ነው እንዴ?» እያለ ነበር። ይህችን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣችኝ ይህች ጥያቄ ናት።

እንደሚታወቀው ስለ ግብር ዐመፅ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ምክንያት «ግብሩ ከበደ፣ ሕዝቡ መረረው፣ ተነሣ» የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከባድ ግብር ለዘመናት ተሸክሞ ያልተነሣ ሕዝብ በዓለም ላይ ሞልቷል። ቀለል ያለ ግብር ሲጣልበት ደግሞ ሕይወቱን ለመስጠት የቆረጠ ሕዝብም አለ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ከገንዘቡ ጀርባ ያሉት ጥያቄዎች ናቸው፦ ግብሩን የጣለው ማን ነው? የቆጠረኝና የገመተኝስ? ዛሬ ተቆጥሬ ነገ ምን ይከተለኛል? በደል ቢደርስብኝስ አቤት የምለው ለማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን መጀመሪያ ወደ ቅኝ ግዛቶች፣ ከዚያም ወደ ራሳችን አገር እንሂድ። (ስለ ኢትዮጵያ ስናነሣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ስለ ሌላው ዓለም ስናነሣ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ርካሽ ሻይ የለኮሰው እሳት

እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 በድል ብትጨርስም የመንግሥቷ ዕዳ በእጥፍ ገደማ አድጎ ነበር። ስለሆነም አሜሪካ ያሉትን ሠፋሪዎች የጠበቅኋቸው እኔ ነኝና የሠራዊቱን ወጪ ይጋሩኝ አለች። በ1765 የወጣው የቴምብር ግብር ሕግ በጋዜጣ፣ በውል፣ በፍርድ ቤት ወረቀት፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ሳይቀር ታክስ ጣለ። እንግሊዝ አገር ያለው ነዋሪ ይከፍለው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በአሜሪካ ሠፋሪዎች ላይ ያረፈው ሸክም ቀላል ነበር። ሠፋሪዎቹ የተቃወሙት ግን የሸክሙን ክብደት አልነበረም። ለንደን ባለው ፓርላማ ውስጥ አንድም ወኪል የለንም፣ ታዲያ ማን ፈቅዶ ነው ከኪሳችን የሚወሰደው አሉ። በዚያው ዓመት የ9 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ተሰብስበው አቤቱታ ጻፉ፤ ነጋዴዎችም የእንግሊዝን ሸቀጥ አንገዛም ብለው አደሙ።

ፓርላማው በማርች 1766 ሕጉን ሻረው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን፣ ቅኝ ግዛቶቹን በማናቸውም ጉዳይ የሚያስር ሕግ የማውጣት ሙሉ ሥልጣን አለኝ የሚል ሌላ አዋጅ አወጣ። በአጭሩ ገንዘቡን መልሶ ሥልጣኑን አጠበቀ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ጎጃም ስንመጣ እንመለስበታለን።

የሁሉም አስገራሚ ግን የ1773ቱ የሻይ ሕግ ነው። ቀደም ሲል በተለያዩ ሸቀጦች ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ ሲነሣ የሻዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። አዲሱ ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ስለፈቀደለት የሻይ ዋጋ እንዲወደድ ሳይሆን እንዲረክስ አደረገ። የቦስተን ሰዎች ርካሹን ሻይ መግዛት ቀረጡን የመጣል መብት አላችሁ ብሎ መፈረም እንደሆነ ገባቸው። በርካሹ ሻይ ገበያቸው የሚዘጋባቸው ነጋዴዎችና ኮንትሮባንዲስቶችም የራሳቸው ጥቅም ነበራቸው። ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ሌሊት 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ገባ። እንግሊዝ በቅጣት የቦስተንን ወደብ ዘጋች። በኤፕሪል 1775 ጥይት ተተኮሰ፤ በጁላይ 1776 ነጻነት ታወጀ። አንድን ትልቅ ግዛት ያፈረሰው እሳት የተለኮሰው በውድ ሳይሆን በረከሰ ሻይ ነበር።

ቆጠራው ከግብሩ በፊት ሲያስፈራ

ሁለተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። እንግሊዞች በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ወንዶችን ቆጥረው ግብር ማስከፈል የጀመሩት በ1928 ነበር። ወንዶቹ ሲቆጠሩ ቆጠራው ለግብር መሆኑ አልተነገራቸውም ነበርና ግብሩ ሲመጣ መታለላቸውን ተረዱ። በ1929 መጨረሻ ኦሎኮ በተባለች መንደር አንድ ቆጣሪ ወደ አንዲት መበለት ግቢ ገብቶ ሰዎቿን፣ ፍየሎቿንና በጎቿን እንድትቆጥር ጠየቃት። ሴቲቱ ንዋንየሩዋ ትባላለች። የራሱ እናት ተቆጥራ እንደሆን መልሳ ጠየቀችው፤ ነገሩም ወደ ጠብ አመራ። ወሬው ከገበያ ገበያ ተዛመተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ወጡ፤ እንግሊዞች የሾሟቸውን ባላባቶች ቤት ከበቡ፤ አንዳንድ ፍርድ ቤቶችንም አቃጠሉ። ወታደርና ፖሊስ ተኩሶ ከ50 በላይ ሴቶች ተገደሉ።

በሴቶች ላይ ግብር እንዲጣል የወጣ ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሴቶቹ የተነሡት ከቆጠራው ነው። ትናንት ወንዶቹ ተቆጥረው ምን እንደደረሰባቸው ስላዩ፣ ዛሬ የሚቆጠረው ፍየል ነገ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። እንግሊዞች «የአባ ረብሻ» ያሉትን የአካባቢው ሕዝብ «የሴቶች ጦርነት» ይለዋል።

ጎጃም፣ 1960 ዓ.ም.

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎጃም ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ እንደዚያ ብሎ መጻፍ ታሪክን ማዛባት ነው። ጎጃሜው ራሱን የዙፋኑ ባለቤት ከሆነው ሕዝብ አንዱ አድርጎ የሚያይ፣ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነቱ የታወቀ ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ ያነሣናቸው ጥያቄዎች የሚነሡት በቅኝ ግዛት ብቻ አይደለም። ከሩቅ በተሾመ ሰው የሚተዳደርና ድምፁ መሀል አገር የማይደርስለት ሁሉ ይጠይቃቸዋል።

የጎጃም ገበሬ ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ርስቱን ነበር። ርስት ማለት ከአቅኚው አባት በትውልድ ቆጠራ የሚወረስ የመሬት መብት ነው። ይህ መሬት በጋሻ አልተለካም። በደቡብ ኢትዮጵያ ግን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬት በቃላድ ሲለካ ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለሹም እየተከፈለ ብዙው ባለመሬት ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ቃላድ ተራ የመለኪያ ገመድ ነው፤ በገበሬው ጆሮ ግን የርስት መነቀል ሌላ ስም ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በዋቆ ጉቱ መሪነት የታወቀው የባሌ ዐመፅ ከብዙ ምክንያቶቹ አንዱ፣ መሬት እየተለካና ግብር አልከፈልክም እየተባለ ከገበሬው እጅ መውጣቱ ነበር።

የጎጃም ሰው ይህን ፍርሃት ይዞ ከመንግሥት ጋር ሲፋጠጥ 1960 የመጀመሪያው አልነበረም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲመድብ ጎጃም እምቢ ብሎ ተነሣ። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዋጁን ሲያሻሽል ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብሩ ተዋቸው። ጎጃሜው ከዚህ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አቤቱታ ያልከፈተውን በር ጠመንጃ ከፈተው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አልነበረም። ከጥንት የመጣውን አሥራት ሽሮ፣ ብዙ የሚያመርት ብዙ፣ ጥቂት የሚያመርት ጥቂት እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። አዲስ አበባ ለነበረው የተማረ ሰው እርምጃው ወደፊት የሚያስኬድ ነበር። ነገር ግን ገቢ ለማወቅ ምርት መገመት አለበት፤ ምርት ለመገመት ደግሞ ገማች ማሳው ላይ መቆም አለበት። ገማች ማሳው ላይ ከቆመ ደግሞ ገበሬው ከኋላው የሚመጣውን ቃላድ አየ።

ግምቱን ያስፈጽም የነበረው መሥሪያ ቤት የማን እንደነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሸዋ የተሾሙ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን በየምክንያቱ የሚጠየቀው መዋጮና የሹማምንቱ ጉቦ ገበሬውን አስመርሮት ነበር። አዋጁ ሲመጣ ገበሬው ያነበበው የነጋሪት ጋዜጣውን አንቀጽ ሳይሆን የሚያውቃቸውን ሹማምንት ፊት ነው።

ሞጣ፣ ቢቸናና ሌሎችም አውራጃዎች ገማቾችን አናስገባም አሉ። ገበሬው በየአጥቢያው ተማማለ፤ አቤቱታም አቀረበ፤ ሰሚ ሲያጣ የአባቱን ጠመንጃ አወረደ። መንግሥት ፖሊስና ነጭ ለባሽ፣ ቀጥሎም ጦር ሠራዊት ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። ከአምስቱ ዓመት ወረራ ወዲህ ያደገ የጎጃም ልጅ ከሰማይ ቦምብ ሲወርድ ያየው የራሱ ንጉሥ በላከው አውሮፕላን መሆኑ እስከ ዛሬ ሲወራ ይኖራል።

በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነበር። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፤ ነገር ግን ለፍርድ አልቀረቡም፣ ወደ ከፋ ተዛወሩ። የተወዘፈው ግብር ተሰረዘ፤ አዋጁም ጎጃም ውስጥ በተግባር ቀረ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1766 ያደረገውን ያስታውሷል? እዚህም የሆነው ከዚያ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዙፋኑ ገንዘቡን ተወ፤ ገበሬው በሰላም አቤት የሚልበትን በር ግን አልከፈተም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደተባለ ቀረ። ከስድስት ዓመት በኋላ የ1966ቱ አብዮት ሲመጣም በሩ እንደተዘጋ ነበር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የአገራችንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ሁለት ነገር ሊያነሣብኝ ይችላል። አንደኛው፣ ጎጃምን ያነሣሡት ጥቅማቸው የተነካባቸው ባላባቶች ናቸው የሚል ነው። እውነትነት አለው። በ1958 ዓ.ም. ርስተ ጉልት በአዋጅ ተሽሮ ነበርና የአካባቢው ባላባት ቂም ነበረው። ይሁን እንጂ ቦስተን ላይ ኮንትሮባንዲስቱ መኖሩ የሠፋሪውን ጥያቄ ሐሰት እንዳላደረገው ሁሉ፣ ባላባቱ መኖሩም የገበሬውን ፍርሃት የተፈበረከ አያሰኘውም። ባላባት ሰውን መቀስቀስ ይችላል፤ ያልነበረ ፍርሃት ግን በአንድ ክረምት መፍጠር አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። አዋጁን ያጸደቀው ፓርላማ አልነበረም ወይ? ጎጃምስ እንደራሴዎች አልነበሯትም ወይ? ነበሯት። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። ነገር ግን ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ስለዚህ የሞጣ ገበሬ ወንበር ቢኖረውም ድምፅ አልነበረውም። እንደኔ እንደኔ ይህ ፓርላማ ከሌለው ይልቅ ያስቆጣል፤ ሳትጠየቅ ተስማምተሃል መባል ነውና።

ስሙን የተሸከምንለት ሰውዬ

የምንኖርበት ስቴት ስሙን ያገኘው ከጆርጅ ዋሽንግተን ነው። በሻይ ቀረጥ ምክንያት የተጀመረውን ጦርነት የመራው ይህ ሰው ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ራሱ የግብር ዐመፅ ገጠመው። በ1791 በዊስኪ ላይ የተጣለውን ታክስ የምዕራብ ፔንሲልቬኒያ ገበሬዎች እምቢ አሉ፤ እህላቸውን ወደ መጠጥ ለውጠው የሚሸጡ ነበሩና ታክሱ ኑሯቸውን ነካ። በ1794 ዋሽንግተን 13 ሺህ ገደማ ሚሊሺያ አዘመተባቸው። በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ግን ምሕረት አደረገላቸው። በ1800ው ምርጫ ጄፈርሰን አሸንፎ ሥልጣን ሲይዝ ታክሱ በ1802 ተሻረ። ከጎጃም የሚለየው መንግሥቱ ጦር አለመላኩ አይደለም፤ ልኳል። የሚለየው ገበሬው ከጥይት በኋላም ቢሆን የምርጫ ካርድ ስለነበረው ነው።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመጣ፣ በሜይ 2018 የሲያትል ምክር ቤት ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ የሚውል ታክስ በትላልቅ ኩባንያዎች ላይ ጣለ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት 275 ዶላር። አማዞንና ሌሎች ኩባንያዎች ተቃወሙ፤ ጉዳዩን ወደ ሕዝበ ውሳኔ ለመውሰድ ፊርማ መሰብሰብ ተጀመረ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያው ምክር ቤት በ7 ድምፅ ለ2 ታክሱን ሻረው። በ2020 ደግሞ በሌላ መልክ በትላልቅ ኩባንያዎች የደመወዝ ወጪ ላይ ታክስ አጸደቀ። የኩባንያ ገንዘብ ምን ያህል በር እንደሚከፍት ስናይ ሁሉ ነገር ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ታክሲ ነጂው እንዲህ ያለ በር የለውም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ታክስ ተጣለ፣ ተሻረ፣ ተመልሶ መጣ፣ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። የሞጣ ገበሬ ያጣው ይህንን ነው።

እኛና ነገ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ሐምሌ 2009 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ክረምት የገቢ ሠራተኞች በየሱቁ እየዞሩ የአነስተኛ ነጋዴዎችን የቀን ገቢ ገመቱ። ጀበና ይዛ የተቀመጠችው ቡና ሻጭ ሳይቀር፣ ሸጬ የማላውቀውን ሸጠሻል ተባልኩ አለች። አምቦ፣ ወሊሶና ሌሎችም ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ የቀደሙት ሁለት ዓመታት ተቃውሞም ገና አልበረደም። እዚያም ጥያቄው «ስንት?» ብቻ አልነበረም። «ማን ገመተኝ? በምን ሒሳብ? አቤት ብልስ ማን ይሰማኛል?» የሚል ነበር። ከሞጣ እስከ አምቦ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ፤ ሦስት መንግሥታት ተፈራረቁ፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ያለ ግብር አገር አይኖርም፤ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም መንገድም አይሠራም። ግብርን ሁሉ እንደ ግፍ መቁጠር እኛ በውጭ ያለነው አንዳንዴ የምንወድቅበት ስሕተት ነው። ሌላው ስሕተታችን ደግሞ ሕጉ በወረቀት ላይ ትክክል ከሆነ ሕዝቡ ይቀበለዋል ብሎ ማሰብ ነው። የ1960ውን አዋጅ ያረቀቁት ሰዎች ደንቆሮዎች አልነበሩም፤ እንደኛው የተማሩ ነበሩ። ያልጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገማቹ ማሳው ዳር ሲቆም ገበሬው ምን ያያል?

ስለዚህ ነገ ለአገራችን የግብር ፖሊሲ የምትጽፉ፣ የምታማክሩ፣ የምትሟገቱ ወገኖቼ፣ ስለ መቶኛው ከመከራከራችሁ በፊት ሌሎቹን ጥያቄዎች አስቀድሙ። የሚገመተው ሰው ገማቹን ያውቀዋልን? ግምቱን ማየትና መሞገት ይችላልን? ሹሙ ሲበድለው የሚሻርበት መንገድ አለን ወይስ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል? የተከፈለው ገንዘብ የት እንደገባስ ይነገረዋልን? እነዚህ መልስ ካገኙ ሰዉ እያማረረም ቢሆን ይከፍላል፤ እኛ በየሚያዝያው እያማረርን እንደምንከፍለው።

አዛውንታችን ያን ዕለት ቡናቸውን ጨርሰው ሲነሡ የዘንድሮ ግብራቸውን ከፍለው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ድሮ ገና መክፈላቸውን ነገሩኝና እዚህ መሬታቸውን የሚለካባቸው ሰው እንደሌለ ጨምረው ሣቁ።

ቸር ይግጠመን።

ሲያትል፣ ዋሽንግተን